ቢፌው ውስጥ የተቆለፈው

ቅጹ 22 ጥያቄ ነበረው። ሞልቼ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ጥቅምት 2015 ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ልጅቷ ቡና ትቆላለች። ቅጹን የላከልኝ ለንደን ያለው ደንበኛዬ ነው፤ በእጅ የተሸመነ ስካርፍ የሚገዛኝ ድርጅት። ከአናቱ ላይ «ዘመናዊ ባርነት» ይላል። ድርጅትዎ ውስጥ በግዳጅ የሚሠራ ሰው አለ? የለም። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ? የለም። ሠራተኞች ደመወዛቸውን በቀጥታ በእጃቸው ይቀበላሉ? አዎ። የሠራተኛ ሰነድ ይይዛሉ? አልይዝም። አቅራቢዎችዎ የሚሠሩበትን ቦታ በአካል ሄደው አይተዋል? እዚህ ላይ ትንሽ አቅማማሁ። ሽሮ ሜዳ ያለው የሸማኔው ሱቅ ድረስ ሄጄ የለ እንዴ? «አዎ» አልኩ። ፈረምኩ፣ ማኅተም አደረግሁ፣ ላክሁ። ልጅቷ አቦሉን ቀዳችልኝ።

እውነቱን ለመናገር ቃሉ ራሱ አስቆኝ ነበር። ባርነት ለእኔ የታሪክ መጽሐፍ ነገር ነው፤ ሰንሰለት፣ ፈንጋይ፣ ገበያ። ኢትዮጵያ በ1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን አጠፋለሁ ብላ ቃል ገባች፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 በዐዋጅ ፈጽሞ ተከለከለ፤ አለቀ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 18 ማንም ሰው በባርነት ወይም በግዴታ አገልጋይነት እንዳይያዝ ደንግጓል። ታዲያ ፈረንጆቹ ምን ሆነው ነው እኔን የሚጠይቁኝ? ኋላ ነው የገባኝ። እንግሊዞች በ2015 እንደ እነሱ አቆጣጠር ሕግ አውጥተዋል፤ ዓመታዊ ሽያጩ ከ36 ሚሊዮን ፓውንድ ያላነሰ ድርጅት በራሱም ሆነ ዕቃ በሚያቀርቡለት ዘንድ ባርነት እንዳይኖር ምን እንዳደረገ በየዓመቱ በይፋ መግለጫ ማውጣት አለበት። ስለዚህ ደንበኛዬ እኔን ይጠይቃል፣ እኔ ሸማኔውን እጠይቃለሁ፣ ሸማኔው ደግሞ... ሸማኔውን አልጠየቅሁትም።

ሥራዬን ላስተዋውቃችሁ። ጎፋ ገብርኤል አካባቢ አንድ ግቢ ተከራይቼ 14 ሴቶች አሠራለሁ። እነሱ ጫፉን ይቋጫሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ምልክት ይሰፋሉ፣ ያሽጋሉ። ሽመናው የሚሠራው ውጭ ነው። ለዚያ ከጋሞ የመጡ አንድ ጎልማሳ ሸማኔ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ጥለቱን እኔ በወረቀት እሥላለሁ፣ ድሩን እሳቸው ከመርካቶ ይገዛሉ፣ ሲያልቅ በማዳበሪያ ጠቅልለው በታክሲ ይልኩልኛል። ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ ነውር አይገኝበትም።

በዚያ ዓመት 600 ስካርፍ በስድስት ሳምንት አዘዝኳቸው። «ስንት ሰው አለዎት?» ስላቸው «አራት» አሉኝ። «ይደርሳል?» «እግዚአብሔር ያውቃል፤ ይደርሳል።» ዋጋው የአምናው ነው። ትንሽ አጉረመረሙ፣ እኔም «ሌላ ሸማኔ ሞልቷል» አልኩ፣ ተስማሙ። ተደራዳሪነቴን ወድጄው ነበር፤ ማታ ለባለቤቴ አውርቼለታለሁ።

አሁን ያን ሂሳብ አብረን እንሥራው፤ እኔ የሠራሁት ከረፈደ በኋላ፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው። ጎበዝ ሸማኔ እንዲያ ያለ ጥለት ያለው ስካርፍ በቀን ሁለት ያወጣል። አራት ሰው በቀን ስምንት። በሳምንት ስድስት ቀን፣ ስድስት ሳምንት፣ 36 ቀን። 288 ይመጣል። እኔ 600 ነው ያዘዝኩት። ቀሪውን 312 ማን ነው የሚሸምነው? አራተኛ ክፍል የተማረ ሰው የሚሠራው ማባዛት ነው። እኔ ግን በአካውንቲንግ ዲግሪ ይዤ አልሠራሁትም፤ ብሠራው ኖሮ ማወቄ ነው፣ ካወቅሁ ደግሞ ማዘዝ አልችልም።

ኅዳር ላይ ሄድኩ። ሄድኩ ስል ለሕሊናዬ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሳምንት ሲቀር እጄ የገባው 340 ብቻ ነው፣ ሰውየው ስልክ አያነሡም፣ ለንደን በየቀኑ ይጽፍልኛል። ስካርፍ ፍለጋ ነው የሄድኩት። ሽሮ ሜዳ ሱቁን የሚጠብቀው ወጣት «ጋሼ እዚህ አይደሉም፣ ሥራው ያለው ሀና ማርያም ነው» አለኝ። ሀና ማርያም! ሽሮ ሜዳ ከተማውን ሙሉ አቋርጬ የምሄድበት ሰሜን ጫፍ ነው፤ ሀና ማርያም ግን የራሴ ክፍለ ከተማ ነው፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ። ከጎፋ በታክሲ ሃያ ደቂቃ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስካርፌ የሚሸመንበት ቤት ሃያ ደቂቃ ራቅ ብሎ ነበር፣ እኔ የማውቀው ሱቁን ነው።

ከዋናው መንገድ ወደ ታች ወርዶ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ጧ፣ ጧ የሚል የሽመና ዕቃ ድምፅ ይሰማል። አንገቴን አስገባሁ። አንድ አምፖል። መሬቱ ላይ የተቆፈሩ አምስት ጉድጓዶች፣ በሦስቱ ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ ባዶ። አምስተኛው ላይ የእኔ ስካርፍ ተወጥሯል፤ ሰማያዊና ቡርቱካን፣ ጀሞ ሳሎኔ ውስጥ በልጄ እርሳስ የሣልኩት ጥለት። እንዴት እንደሚያምር አየሁ። ከዚያ ነው ልጁን ያየሁት። በዚህ ቅደም ተከተል፤ መጀመሪያ ጥለቱን፣ ቀጥሎ ልጁን።

የእኛ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ፣ የመርገጫውን ገመድ በአውራ ጣቱና ከጎኑ ባለው ጣት መሃል ይዞ ነው የሚረግጠው። የዚህ ልጅ እግር አይደርስም። ገመዱን ሁለት ቦታ ቋጥረው አሳጥረውለታል። ቋጠሮው በሚያርፍበት ቦታ፣ በጣቶቹ መሃል፣ ቆዳው ጠንክሮ እንደ ቁርበት ሆኗል። መወርወሪያውን በቀኝ ልኮ በግራ ይቀበላል፣ አይሳሳትም። ግድግዳው ጥግ ላይ ደግሞ ከእሱ የሚያንሱ ሁለት ልጆች ተቀምጠው ቀሰም ይጠቀልላሉ።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አልኩት።

ወደ ሰውየው አየ። «አሥራ አምስት ነው» አሉ ጋሼ ከኋላዬ። መቼ እንደገቡ አላየሁም። የእኔ ልጅ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ነው፤ ይኼኛው በጎኑ ቢቆም ከትከሻው አያልፍም።

ዝም ማለት ስለከበደኝ ወሬ አነሳሁ። ለጋሞ ልጅ ከመስቀል የሚበልጥ በዓል እንደሌለ አውቃለሁ። «ለመስቀል አገር ቤት ትሄዳለህ?»

«የመጣሁበትን ሠርቼ ስጨርስ» አለ፤ አማርኛው ገና ነው።

የመጣበት የአውቶቡስ ዋጋ ነው። የመጣው ከመስቀል ማግስት ነው፤ ከጨንቻ በላይ ካለ ቀበሌ ሰው ይዞት መጣ፤ ለአባቱ ትንሽ ብር ተሰጥቷል፤ ሙያ ይማራል፣ ማታ ማታ ትምህርት ይገባል ተብሏል። የተባለው ሁሉ ዕዳ ሆኖ እሱ ላይ ተጽፏል። ምሳውም ይጻፋል። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘበትን መንገድ ቢለቁት አያውቀውም፤ ሌሊት ነው ያመጡት፣ ተኝቶ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ የተተወው ለዚያ ነው ብዬ አሰብኩ። ቁልፍ ምን ያደርጋል?

ከጋሞ ደጋ ልጆች ለሽመና ወደ አዲስ አበባ እንደሚመጡ ሽሮ ሜዳ የገዛ ሰው ሁሉ በሩቁም ቢሆን ሰምቷል። ደጋው ላይ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ሰው ብዙ ነው፣ ሽመና የአባት ሙያ ነው። አባት ልጁን ለዘመዱ መስጠቱ ድሮም የነበረ፣ ብዙ ጊዜም በጎ ነገር ነው፤ ደላላ የገባው በዚያ መተማመን መሃል ነው። መስቀል ሲሆን ሸማኔው ሁሉ አገሩ ይገባል፣ ሲመለስ አብሮት ልጅ ይመጣል። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ ከየአገሩ በሚዘረዝራቸው ዕቃዎች ውስጥ የኢትዮጵያ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ አለበት። ነጠላችን! እኔ ይኼን ዝርዝር ያነበብኩት ከሀና ማርያም ከተመለስኩ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ ነውር ነው» አልኳቸው ደጅ ወጥተን።

አልተቆጡም። «እኔስ እንዴት የመጣሁ ይመስልሻል? በስምንት ዓመቴ ነው። እግሬም አይደርስም ነበር» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «እህቴ፣ ድር ዘንድሮ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ? ያምናውን ዋጋ ነው የሰጠሽኝ። በዚያ ዋጋ ትልቅ ሰው አይቀመጥልኝም።»

በዚያ ዋጋ ትልቅ ሰው አይቀመጥልኝም። ሌሊት ስገላበጥ የሚሰማኝ ይኼ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር የእኔን የተደራዳሪነት ጉራ ወስደው ከልጁ እግር ሥር አስቀመጡት። ልጁን ጉድጓድ ውስጥ ያስገባው ደላላው ነው፣ እሳቸውም ናቸው፣ ይኼን አልክድም፤ ግን ቦታውን በልጅ ልክ የለካሁት እኔ ነኝ።

ሕጉን አሁን አውቀዋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም ቢሆን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም፣ ሌሊትም፣ በዕረፍት ቀኑም አይሠራም። ስለ ሰው መነገድ የወጣው ዐዋጅ 1178/2012 ደግሞ ልጅን ለጉልበት ብዝበዛ መመልመልን፣ ማጓጓዝን፣ መቀበልን ከ10 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። መቀበልን። ዐዋጁን ሳነብ ጣቴ እዚያ ቃል ላይ ቆመ። 340 ስካርፍ ቆጥሬ የተቀበልኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። የሕግ ባለሙያ «ያ ሌላ ነው» ይለኝ ይሆናል። ይሁን።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ከሁሉም የማፍርበት ይኼ ነው። ውሉን አቋረጥኩ። በማግስቱ ስልክ ደውዬ «ከእንግዲህ አብረን አንሠራም» አልኩ፤ የቀረውን ሒሳብ በባንክ ላክሁ። ለለንደን ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ችግር አግኝቻለሁ፣ አቅራቢውን አሰናብቻለሁ፣ ዕቃው ይዘገያል። አመሰገኑኝ። «ቆራጥ እርምጃ» አሉኝ። ጊዜም ጨመሩልኝ። እንደ ጲላጦስ እጄን ታጥቤ በፎጣ አደረቅሁ። ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አልነገርኩም፣ ለፖሊስም አልነገርኩም። ለምን ቢሉኝ፣ ዕቃው ላይ የተወጠረው የእኔ ስካርፍ ነበር።

አሥር ቀን ያህል እንደ ጻድቅ ተራመድኩ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩን ለቋጪዎቼ አወራሁላቸው፤ ትንሽ ሙገሳም ሳልፈልግ አልቀረሁም። ከመካከላቸው ታላቋ፣ ክሯን ጭኗ ላይ እያከረረች፣ ቀና ሳትል፣ «ልጁስ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ልጁ። የት ሄደ?»

በዚያው ቀን ተነሥቼ ሄድኩ። ግቢው ሌላ ተከራይ ገብቶበታል፤ ሲሚንቶ የሚያከማች ሰው። ጉድጓዶቹ በአፈር ተደፍነዋል፣ ከረጢቱ ከላይ ተደርድሯል። ጎረቤት ጠየቅሁ። አንዷ «ወደ ፉሪ ነው የሄዱት» አለች፣ ሌላው «ቡራዩ» አለኝ። የሰውየው ስልክ አይሠራም፣ የሽሮ ሜዳው ሱቅ ተዘግቷል። ባልሄድ ኖሮ ልጁ ቢያንስ ሀና ማርያም ነበር። ዋጋውን ጨምሬ፣ ወረዳውን ይዤ፣ የቤተሰቡን ቀበሌ አጣርቼ፣ ልጆቹን አገራቸው ለማስገባት የሚወጣውን ወጪ ከፍዬ ሥራውን ማስቀጠል እችል ነበር። የነበረኝ አቅም ገዢነቴ ነበር፤ እሱን ጥዬ ስወጣ ለልጁ የቀረው ምንም የለም። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ከዚያ ወዲህ በተለየ መንገድ ነው የምገዛው። በዝርዝር አላሰለቻችሁም። ከማዘዜ በፊት ያን የደረሰኝ ጀርባ ሂሳብ እሠራለሁ፤ ስንት እጅ፣ በቀን ስንት፣ ስንት ቀን። ካልገጠመ ትእዛዙን እቀንሳለሁ ወይም ቀኑን አረዝማለሁ። የድር መግዣውን ግማሽ ቀብድ እሰጣለሁ፤ ሸማኔው ከአራጣ አበዳሪ ከተበደረ ዕዳው ወርዶ ወርዶ የሚያርፈው በትንሹ ሰው ላይ ነው። የሚሸመንበት ቤት ሳልናገር እሄዳለሁ፤ ሥራ ላይ ማየት ከፈለጋችሁ ማታ ሁለት ሰዓት ሂዱ፣ ቀን ቀን ሁሉም ቤት ደኅና ነው። ሁለት ጊዜ ልጅ አግኝቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ውል አላቋረጥኩም፤ አንዱ በዘመዱ በኩል አገሩ ገባ፣ ሌላዋ ቀን ትምህርት ቤት ገብታለች። ትርፌ ቀንሷል። ለንደን ዋጋ ጨምር ስለው መጀመሪያ ያቀረበልኝ መልስ ምን እንደነበር ገምቱ፤ «ሌላ አቅራቢ ሞልቷል።»

ይኼ ግን የታሪኩ ቀላሉ ክፍል ነው። የልጅ እጅ የሰው ቤት ውስጥ ነው ያየሁት። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔው ነው።

የዓለም የሥራ ድርጅት የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ብሎ ያወጣቸው 11 ነገሮች አሉ። በ2022 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣው ጥናት በዓለም ላይ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው በዘመናዊ ባርነት ውስጥ እንዳለ፣ ከዚያ ውስጥ 27.6 ሚሊዮኑ በግዳጅ ሥራ ላይ እንደሆነ ይገምታል። ምልክቶቹን ወደ አማርኛ መልሼ፣ በትልቁ አትሜ፣ ጎፋ የሥራ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ማታለል። እንቅስቃሴን መገደብ። ከሰው መነጠል። ማስፈራራት። ደመወዝ መያዝ። በዕዳ መያዝ። ሰነድ መያዝ። ያቺው ታላቋ ቋጪ ቆማ አነበበችው። ፊደል ትቆጥራለች፣ ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ሰነድ መያዝ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«የእኛስ ኦሪጅናል አንቺ ጋ አይደል?»

ነው። 14 ኦሪጅናል፤ የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የአሥረኛ ክፍል ውጤት፣ የሁለቱ የሙያ ሰርተፍኬት። የብረት ካቢኔ ውስጥ፣ ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ። ስቀጥራቸው ተያዥ ከማምጣት ጋር ኦሪጅናል ማስረጃ ማስያዝ ግዴታ ነበር፤ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ እኔንም ስቀጠር አስይዘውኛል። «ሰነድ ይይዛሉ?» ለሚለው «አልይዝም» ብዬ የፈረምኩት ስዋሽ አልነበረም፤ ኦሪጅናልን እንደ ሰነድ አስቤው አላውቅም። የያዝኩት ሥራ ተምረው ሰው እንዳይወስድብኝ ነው። ሕጉ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንዲሄድ ይፈቅዳል፤ እኔ ግን ከሕጉ በላይ አንድ ካቢኔ ጨምሬ ነበር። በዚያው ቀን መለስኩላቸው። በወሩ ሁለቱ ለቀቁ። ተናደድኩ። ውለታ ቢሶች አልኩ፣ በልቤ። ንዴቱ ራሱ ምን እንደያዝኩ አሳየኝ።

በተናደድኩበት ዕለት ማታ ወደ ቤት ስገባ በሩን የከፈተችልኝ ልጅቷ ናት።

«ልጅቷ» እያልኩ ነው እስካሁን የጻፍኩት፤ አስተውላችኋል? ቅጹን ስሞላ ቡና የቀዳችልኝ እሷ ናት። በ2012 መጀመሪያ ደላላ ከጎጃም አምጥቶ ሰጠኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው አለ። ሳሎን ፍራሽ አንጥፋ ትተኛለች። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ከዚያ ውጭ ብቻዋን አትወጣም፤ አታውቅም ብዬ፣ ሰው ያታልላታል ብዬ፣ ሆዷን ይዛ ትመጣለች ብዬ። ደመወዟ እኔ ጋ ይጠራቀማል። «በእጇ ብሰጣት ታባክነዋለች፤ አገሯ ስትገባ አንድ ላይ እሰጣታለሁ።» ይኼን ያላለች የአዲስ አበባ እመቤት ካለች እጇን ታውጣ። የወረዳ መታወቂያዋም፣ ደመወዟም በፖስታ ሆኖ ሳሎን ያለው ቢፌ ውስጥ ነው፤ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ጀርባ። ቢፌው ይቆለፋል።

በዚያው በ2012፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ቤይሩት ያሉ አሠሪዎች ደመወዝ ሳይከፍሉ እህቶቻችንን በመኪና አምጥተው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ፍራሽና ሻንጣቸውን ይዘው አስፋልት ላይ ተቀምጠው በቴሌቪዥን አየን። ፓስፖርታቸውን የያዘች እመቤት፣ ደመወዛቸውን የበላች እመቤት። አለቀስኩ። «ከፋላ የሚሉት ነው፤ ባርነት እኮ ነው!» አልኩ፤ ቃሉ ያን ጊዜ አላሳቀኝም። ሶፍት ያቀበለችኝ ልጅቷ ናት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ እኔ የራሴ ሲያርርም አልሸተተኝም።

አሁን ወደ ፖስታው። ፖስታው ውስጥ ብሩ አልነበረም።

ሰኔ 2014 ላይ ድር ሲወደድ ለአንድ ትእዛዝ አጠረኝ፣ ከፖስታው አነሣሁ፤ እመልሳለሁ ብዬ። መስከረም ላይ ለልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ አነሣሁ። ትእዛዙ ሲከፈለኝ ትንሽ መለስኩ፣ እንደገና ወሰድኩ። የዚያ የ600 ስካርፍ የመጀመሪያ ክፍያ ውስጥ የእሷ ብር ነበረበት። ዕዳ ያለብኝ እኔ ነኝ፣ መሄድ የማትችለው ግን እሷ ናት። ያን ልጅ የአውቶቡስ ዋጋ ይዞታል፤ ይችን ምን ያዛት? የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጁ እዚህ አይደርስልኝም፣ ማለቴ አይደርስላትም፤ ለትርፍ ያልሆነ የቤት አገልግሎት ከዐዋጁ ውጭ ነው፣ ለብቻው ደንብ ይወጣለታል ተብሎ የተተወ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች አሉት። ሕጉ የቀረበትን ቢፌው ሞላበት።

ብሩን ለመሰብሰብ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዕቁብ ቀድሜ ወሰድኩ፣ ከባለቤቴ ተበደርኩ፤ ለምን እንደሆነ ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። አንድ ቅዳሜ ልጅቷን ጠርቼ ጠረጴዛው ጋ እንድትቀመጥ አደረግሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ወንበር የጠረገችው እንጂ የተቀመጠችበት አይመስለኝም። መታወቂያዋን ሰጠኋት። ሰኞ ባንክ ሄደን በስሟ ደብተር እንደምናወጣ፣ ደመወዟ በየወሩ እዚያ እንደሚገባ፣ እሑድ ሙሉ ቀን የራሷ እንደሆነ፣ መሄድ ብትፈልግም መሄድ እንደምትችል ነገርኳት። በርካታ ነገር ነው የተናገርኩት፤ ትንሽ እንድታለቅስልኝም የጠበቅሁ ይመስለኛል። ፖስታውን ገፋ አደረግሁላት። ሁሉ ሲሰላ 31,250 ብር።

«ልቁጠረው?» አለችኝ።

«ቁጠሪው።»

በመቶ በመቶ እየከፈለች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። አንዴ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ፍራሿ ሄደች፤ ከሥሩ አንድ ደብተር አወጣች። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሆኖ የተጠቀመበት የሒሳብ ደብተር ነው፣ ስሙ ሽፋኑ ላይ አለ፤ ከኋላ በኩል በቀሩት ባዶ ገጾች ላይ በእርሳስ ወሩ ሁሉ ተጽፏል። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። በዓል ላይ ለእናቷ የላክሁላት። ጫማ የገዛሁላት። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጽፍ አንድ ቀን አላየኋትም።

ጣቷን ገጹ ላይ አሳርፋ ቀና አለች።

«እትዬ፣ 400 ብር ይጎድላል።»

«ምን ሆኖ?»

«የፔርሙሱ። ሚያዝያ ላይ የቆረጡት።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኔ አልሰበርኩትም። ልጅዎ ነው የሰበረው።»

ልጄን ከመኝታ ቤት ጠራሁት። በሩ ላይ ቆሞ ደብተሩን አየ፣ እሷን አየ፣ መሬት መሬት አየ። ቦርሳዬን ከፍቼ አራት መቶ ብር ቆጠርኩ። ተቀብላ በሁሉም ላይ ጨመረችው፤ ከዚያ እርሳሷን አንሥታ ሚያዝያ ላይ ጽፋው የነበረውን ሰረዘች።